የጠፉ ወንዶችን የምትፈልገው ራይና

ፌብሩዋሪ አንድ ቀን 2008 ነበር እላለሁ። የማስታወሻ ደብተሬ ዓርብ ይላል። እኔ ግን ሐሙስ ሆኖ ነው የሚታወሰኝ፤ ራይና ኬኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ይሄ ምድጃ ሐሙስ ሲሆን ያስቸግረኛል» ስትል ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወይ እሷ ቀኑን ዘንግታዋለች፣ ወይ እኔ የሌላ ሐሙስ ኬክ ከዚህኛው ጋር አደባልቄያለሁ። ዓመቱንም ቢሆን አልምልበትም። ላዳዬን በ2007 መጨረሻ ሸጥኳት እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ዕለት የሄድነው ደግሞ በላዳዬ ነው። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ራይና ኮስታዲኖቫ በአሥራ ሁለት ዓመት የጥናት ሥራዋ ቀን የተሳሳተችው ያን ዕለት ብቻ መሆኑን ነው።

ራይና ነርስ ነበረች። ፕሎቭዲቭ ተወልዳ ፕሎቭዲቭ ያደገች፣ በከተማው ሆስፒታል የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገለች፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ፀጉሯን ቀይ ቀለም የምትቀባ ሴት። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ወደ እኛ ወደ ጥናቱ ቢሮ ላኳት። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ የጥናቱ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበርኩ። በገባች በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝና አስረዳኋት። «ትቆጥራለህ ማለት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስሜ «አንተ ቆጣሪ» ሆኖ ቀረ።

ጥናቱ ስለ መቶ አሥራ ሁለት ወንዶች ነበር። ሁሉም በወጣትነታቸው፣ ከ1996 እስከ 1998 ባለው ጊዜ፣ የዘር ፍሬ ካንሰር ይዟቸው ወደ ሆስፒታላችን የመጡ ናቸው። የሽንት ቧንቧ ክፍል የታመመውን ፍሬ ቆርጦ ያወጣል፤ የካንሰር ክፍል ኬሞውን ያንጠባጥባል፤ የመካንነት ሕክምና ክፍል ደግሞ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሻቸውን ወስዶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቆየዋል፤ ኬሞው መካን ሊያደርጋቸው ይችላልና። ሦስቱም ክፍሎች ሰውየው አልጋ ላይ ሳለ «የእኛ በሽተኛ» ይሉታል። በዋናው በር ከወጣ ግን የማንም አይደለም። የእኛ ሥራ ከበሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበር። በሕይወት አለ? በሽታው ተመልሷል? ሽንቱ እንዴት ነው? ይሠራል? አግብቷል? ልጅ ወልዷል? አሥራ ስምንት ጥያቄ፣ ለአሥር ዓመት፣ በየዓመቱ።

ጤነኛ ወጣት የታመመበትን ቤት ማስታወስ አይወድም። ስልክ ይቀይራል፣ ያገባል፣ ስፔን ሄዶ ብርቱካን ይለቅማል። ደብዳቤ ስንልክ አይመልሱም፤ ስንደውል «ተሳስታችኋል» ይላሉ። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ከመቶ አሥራ ሁለቱ አርባው ዝም ካሉ የቀሩት የሚነግሩኝ ደስታ ምንም ዋጋ የለውም፤ ስልክ የማያነሳው የከፋው ሰው ነውና። በጥናቱ መጀመሪያ ሁለት ዓመት አርባ አንዱ «የጠፉ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነበሩ።

ያን ዓምድ ያጠፋችው ራይና ናት። የተጠቀመችበት ነገር ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን ማናችንም ሥራ ላይ እናውለዋለን ብለን ያላሰብነው ነበር። ለልደት ሰው ይጠራል። ለስም ቀን ግን ማንም ማንንም አይጠራም፤ የቅዱሱ ቀን ሲደርስ የስሙ ባለቤት ጠረጴዛ ዘርግቶ ቤቱን ከፍቶ ይጠብቃል፣ የመጣ ይገባል። የመጣን ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ራይና የቢሮውን የግድግዳ ካላንደር አውርዳ በየቅዱሱ ቀን ላይ የጠፉትን ወንዶች ስም በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችበት። ከዚያ ኬክ ጋገረች።

በመጀመሪያው ዲሴምበር ስድስት ሦስት ኒኮላዎች ነበሯት። በየቤቱ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡላት፤ ሦስቱም ጋ በላች፤ ሦስት ፎርም ሞላች። ሁለተኛው ኒኮላ ራሱ ማድሪድ ነበር። አያቱ ግን ለሌለው ሰውም ጠረጴዛ ዘርግተው ነበር፤ ራይና ስትደርስ ስልክ ደውለው መነጋገሪያውን ሰጧት። ልጁ ሊዘጋባት አልቻለም፤ አያቱ ከጎኗ ቆመው «ለእንግዳዬ መልስ» እያሉ ነበር። አሥራ ስምንቱንም መለሰ።

ሌላም ዘዴ ነበራት። በር ከማንኳኳቷ በፊት በሩን ታነባለች። የሞተ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ፎቶው ያለበት ወረቀት በውጭ በር ላይ ይለጥፋል፤ በአርባው፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ ይታደሳል። ንጹሕ በር ስታይ «አንደኛው ጥያቄ ተመለሰ» ትልና ታንኳኳለች። በአራት በሮች ላይ ወረቀት አግኝታለች። አራቱም ጋ ገብታ ከእናቶቹ ጋር የስንዴ ንፍሮ በልታለች፤ ከነዚያ ቤቶች ስትመለስ መኪና ውስጥ አትቀልድም ነበር።

ጥያቄዎቹንም በተራቸው አትጠይቅም። በሕይወት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ፎርሙ ሰውየውን መጠየቅ የሚጀምረው «በሽታው ተመልሶብዎታል?» ብሎ ነው። እሷ የምትጀምረው ከአሥራ አንደኛው ነው፤ «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?» ከሚለው። «ወንድ ስለ እንቅልፉ ማማረር ይወዳል» ትለኝ ነበር። «አንዴ ካማረረ በኋላ ሌላውን ሁሉ ይነግርሃል።»

እንዲህ እያለ «የጠፉ» የሚለው ዓምድ ከአርባ አንድ ወደ ሃያ፣ ወደ ስምንት፣ በመጨረሻም ወደ አንድ ወረደ። አንዱ ትሪፎን ነበር፤ ቁጥር ስልሳ ሰባት፣ በሮዶፒ ተራራ ግርጌ ካለ የወይን መንደር፣ በ1996 መከር ሲታከም የሃያ አንድ ዓመት ልጅ። ስልክ ስንደውል የምታነሳው እናቱ ቦንካ ናት። «ደህና ነው፣ ወይኑ ጋ ነው» ትልና ትዘጋለች። ክረምትም በጋም ወይኑ ጋ ነው።

በዚያ ክረምት ትሪፎንን ማግኘት የቁጥር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። የሆስፒታሉ ቦርድ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የተቀመጠ የዘር ፈሳሽ ባለቤቱ እንደ አዲስ ካልፈረመበት ይወገዳል። በጥናቱ ቃል «የጠፋ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ደግሞ መፈረም አይችልም። የማስወገጃው ቀን ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ተባለ። ያለ ፊርማ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካርዱ ላይ በየትኛውም ክፍል ልጅ ወለደ የሚል ነገር አልተጻፈም። ከተወገደ ተወገደ ነው፤ ኬሞ ከወሰደ ሰው ዳግመኛ የሚገኝ ነገር ላይሆን ይችላል።

ካላንደሩ ላይ ቅዱስ ትሪፎን ፌብሩዋሪ አንድ ነው። በዚያን ቀን ላዳዬን አስነሥቼ ራይናንና ኬኳን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃና በረዶ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ራይና አነበበችው፤ ንጹሕ ነው። «አንደኛው ተመለሰ» አለችና አንኳኳች። ውሻ ጮኸ። ቦንካ የሥራ ሽርጥ ታጥቃ፣ እጇ ሊጥ እንደነካ ከፈተች። ግቢው ውስጥ አንድም እንግዳ የለም፤ ጠረጴዛም አልተዘረጋም። ኬኩን አየችው፣ ራይናን አየቻት።

«ምንድን ነው?»

«ለትሪፎን የስም ቀን ነው የመጣነው» አለች ራይና፣ በለመደችው ፈገግታ።

ቦንካ ፊቷ ተለወጠ። «እዚህ መንደር ትሪፎን አሥራ አራት ነው። በወሩ አንድ የሚያከብረው የከተማ ሰው ነው።» በሩን እየመለሰች «አሥራ አራት ነው» ብላ ደገመች። ተዘጋ።

መኪና ውስጥ ገባን። ቤተ ክርስቲያን ካላንደሯን ስትቀይር ወይን አብቃዮቹ መንደሮች በአሮጌው ቀን ጸንተው ቀሩ፤ በአሥራ ሦስት ቀን ይለያያሉ። ይሄን የማያውቅ ሰው የለም። እሷም ታውቀዋለች። ግን የከተማ ልጅ ናት፤ በአባቷ ቤት ትሪፎን ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ አንድ ነበር፣ እጇም ሳታስበው እዚያ ላይ ጻፈችው። ኬኩን በጣቷ ቆርሳ ለእኔም ሰጠችኝ። «ምድጃው ሐሙስ ሲሆን ያስቸግረኛል» ያለችው ያን ጊዜ ይሁን ስንሄድ፣ ይሄም ተምታቶብኛል። ከዚያ በድንገት መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል?» አልኳት።

«አሥራ አራት ነው አለችኝ እኮ» አለች። «ሰማሃት አይደል? ምስክሬ ነህ።»

ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ዓርብ፣ በስብሰባው ላይ ነው። ስብሰባውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ቫርባኖቭ፣ የሽንት ቧንቧ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከመካንነት ክፍል ዶክተር ስቴላ የማስወገጃውን ዝርዝር ይዛ ተቀምጣለች። ዶክተር ስቴላ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የተጻፈን ነገር እንደ ተጻፈ የምታነብ ሴት ናት፣ ለሥራዋም የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ፕሮፌሰሩ ቁጥር ስልሳ ሰባት ላይ ሲደርሱ «የጠፋ» ብለው ብዕራቸውን አነሡ።

«አልጠፋም» አለች ራይና።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም። ግን ተጠርቻለሁ።»

ዶክተር ስቴላ ቀና አለች። «እትዬ ራይና፣ በር እንደ ተዘጋባችሁ ሰምቻለሁ። በር የተዘጋበት ሰው ተጠራሁ ይላል እንዴ?»

«የተዘጋው የአንዱ ቀን በር ነው። የአሥራ አራቱ ገና አልተዘጋም።»

ፕሮፌሰሩ፣ ጠራችኝ የምትያት እናቱ ናት እንጂ እሱ አይደለም አሏት። ራይና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ፕሮፌሰር፣ የእርስዎን የስም ቀን ጠረጴዛ የሚዘረጋው ማን ነው?»

ፕሮፌሰር ቫርባኖቭ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና «እናቴ» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ዶክተር ስቴላ እንኳ ሳቀች። ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረው የጥናቱ ደንብ «ምላሽ» ስለሚለው ነገር ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «ከበሽተኛው ወይም ከቤተሰቡ የተሰጠ ማንኛውም ምላሽ» ይላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው ግን ስለ ኬክ አላሰብኩም ነበር። ዶክተር ስቴላ፣ ለመሆኑ «ዛሬ አይደለም» ማለት ምላሽ ነው ወይ አለች። ነው አልኩ። እስከ ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ አሥራ አምስት፣ እኩለ ቀን ድረስ ጊዜ ተሰጠን።

ራይና የዓመት ፈቃዷ የሚጀምረው በዚያው ዓርብ ነበር። ለዓመታት ያጠራቀመችውን ሁሉ አያይዛ ወስዳ፣ ከዚያው ወደ ጡረታዋ ልትሻገር፣ እኅቷ ወዳለችበት ወደ ባሕር ዳርቻ ልትሄድ። ስለዚህ ሐሙስ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነበር።

አሥራ አራት ቀን ፀሐይ ወጣ። መንደሩ ውስጥ ወንድ የለም፤ ትሪፎን የወይን ቅዱስ ስለሆነ ሁሉም ወይኑ ጋ ናቸው። ቦንካ በሯን ከፈተች፤ ቀኑ ቀኑ ነው። ራይና ልጇን ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻት። ቦንካ፣ ሴት ዛሬ ወይን ውስጥ አትገባም፣ ወይኑ ይደርቃል አለች። ራይና አልተከራከረችም። ካፖርቷን አወለቀችና ወጥ ቤት ገብታ እጅጌዋን ጠቀለለች። ፎርሙን ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ ወንድ ነህ፣ ሂድ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ግን እምነት አላየሁም።

ኮረብታው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች የወይን ሐረግ ገርዘው፣ በተገረዘው ጉቶ ላይ ወይን አፍስሰው ጨርሰው መጠጣት ጀምረዋል። በየዓመቱ የወይን ንጉሥ ይመርጣሉ። የዚያን ዓመት ንጉሥ ትሪፎን ነበር። ግዙፍ፣ ቀይ፣ የወይን ሐረግ አክሊል ራሱ ላይ የደፋ፣ በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ የተቀመጠ። ገና ሳያወርዱት የከተማ ጫማዬን አይተው ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ለጥናት ነው አልኩ። የወይን ጥናት እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ፈሪ ሰው ነኝ።

ሲያወርዱት ቀርቤ «ከሆስፒታል ነው» አልኩት በሹክሹክታ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። ግን ሁለቱ ተሸካሚዎቹ ክንዶቹን ገና አልለቀቁም፤ የቀሩትም ከበውናል። ፎርሙን ነጠቀኝና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሽንት ሲል ሳቁ። ሚስት ሲል ሳቁ። «ልጆች?» አለ በመጨረሻ፣ «ሃያ ሁለት ብለህ ጻፍ። ሁሉም ጠጪ።» ተራራው በሳቅ ተናወጠ። እኔም፣ ምን ይባላል፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ «22» ብዬ ጻፍኩ።

ስመለስ ራይናና ቦንካ ሩዝ የተሞላ ዶሮ ምድጃ ውስጥ እያስገቡ ነበር፤ ቦንካ «እኅቴ» እያለቻት ነው። ራይና ፎርሙን በክንዷ ርቀት ይዛ አነበበችው።

«ሃያ ሁለት?»

«እሱ ነው ያለው።»

«ወንድን ወንዶች መሀል ጠይቀህ ይሄን ይዘህ መጣህ» አለች። «ይሄ መልስ አይደለም፣ ቀረርቶ ነው።» አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ትሪፎን ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ፤ አክሊሉ ወደ አንድ ጆሮው አዘንብሏል። የእሷን ካፖርት መንጠቆው ላይ ሲያይ ለመውጣት ዞረ። ራይና ከምድጃው ራሷን ሳታነሣ «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?» አለችው።

ቆመ። «ምን?»

«ለሽንት። ስንት ጊዜ?»

«ሁለቴ» አለ። ትንሽ አሰበ። «ወይን ከጠጣሁ ሦስቴ። አክስቴ፣ ይሄ ደህና ነው?»

«ቁጭ በል እስቲ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ቆጣሪ፣ ውጣና ዶሮዎቹን ቁጠር» አለችኝ። ቦንካንም በዐይኗ አስወጣቻት።

ግቢው ውስጥ አሥራ አራት ዶሮ ነበር። ቦንካ እንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ተቀመጠች። «በሽታው ተመልሶበታል?» አለችኝ።

አልተመለሰም፣ ለመጠየቅ ብቻ ነው የመጣነው አልኳት። አላመነችኝም። ወደ ዕቃ ቤቱ ገብታ የዱቄት ሣጥን ከፈተችና የታሰሩ ፖስታዎች ይዛ ወጣች። ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱም አልተከፈተም። ማኅተማችንን ዱቄት ሸፍኖታል። ከሆስፒታል የሚመጣ ደብዳቤ የሚይዘው አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው ብላ እንደምታስብ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ልጇ እንዳያየው ፖስተኛውን መንገድ ላይ ጠብቃ ትቀበለዋለች። ልጇ ድኖ፣ ወይኑን ይዞ፣ ሲስቅ ይውላል፤ ያን ሳቅ ማን ይንካው። የሚያሳዝናት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው መንደር አስተማሪ የሆነች ኔቬና የምትባል ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች፤ እሱ ግን «እኔን አግብታ ምን ታደርጋለች» ይላል እንጂ ሌላ አይናገርም።

የተቀመጠለት ነገር እንዳለ፣ እስከ ነገ ቀትር ካልፈረመ እንደሚወገድ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ይሄ ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ተጽፏል?»

«በመጨረሻዎቹ ሦስት ውስጥ» አልኩ።

አላለቀሰችም። ደብዳቤዎቹን ጭኗ ላይ አድርጋ በሽርጧ ጫፍ ዱቄቱን አንድ በአንድ ጠረገችላቸው።

በወጥ ቤቱ መስኮት የትሪፎን ጀርባ ይታየኝ ነበር። ራይና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታወራለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከበሽተኛ ጋር እያወራች እስክሪብቶ ሳትይዝ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጆቿ ባዶ ናቸው፤ የምትናገረው እሷ ነበረች፣ የሚያዳምጠው እሱ። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ አየች፤ ግን እኔን ያየችኝ አልመሰለኝም። ትሪፎን አክሊሉን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቃት መሰለኝ፣ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሲወጡ የማቆያው ወረቀት ተፈርሞ ነበር። ትሪፎን እናቱን ሲያልፍ ደብዳቤዎቹን አየ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ አነሣውና ወደ እኔ መጣ።

«እውነት መብራት አይፈልግም?»

«ምኑ?»

«የተቀመጠበት። በዘጠና ሰባት ክረምት መብራት እየሄደ ሦስት ቀን ሲቆይ የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ሁሉ ተበላሸ ሲሉ ሰማሁ። አብሮኝ የተኛ ሰው ነው የነገረኝ። በቃ፣ ያ ነገር አለቀ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«መብራት አይፈልግም» አልኩት። «ናይትሮጅን ነው። በየሳምንቱ ይጨመርበታል።»

«ያን ክረምትም?»

«ያን ክረምትም።»

አሥራ አንድ ዓመት ይሄን የሚነግረው ሰው አልነበረም። በአሥራ ስምንቱ ጥያቄዎች ውስጥ እኛ ለሱ ልንነግረው የሚገባ አንድም ነገር አልተጻፈም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ፊርማው ልጅ እንደማይሆን፣ ዕድል ብቻ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ ከፍ እያደረገ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታውን ይወጣ ጀመር። ቦንካ በዐይኗ ተከተለችው። ለማን ሊደውል እንደሆነ አልጠየቅናትም።

የተሞላውን ዶሮ ሳንበላ አልለቀቀችንም። ለራይና አንድ ትልቅ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወይን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻት።

ፕሎቭዲቭ ስንገባ ገና አልመሸም። ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች በረዷቸው ቀልጦ ይንጠባጠባሉ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ «የጠፉ» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኗል፣ እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ ቦታ አላየሁም፤ ስለዚህ ብዙ አወራሁ። ራይና ጠርሙሷን አቅፋ ታዳምጠኛለች። ከዚያ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ በመስኮት ሳያት ስትጽፍ እንዳልነበር፣ ታዲያ ምን ስትነግረው እንደነበር ጠየቅኳት።

«የራሴን» አለች።

«የራስሽን ምን?»

«እኔም ጥናት ውስጥ ነበርኩ። በሰባ ዘጠኝ፣ ሶፊያ። እኔና ባሌ። ላልወለዱ ሰዎች አዲስ መርፌ ይሞክሩ ነበር። ሦስት ወር ወጉኝ። ስሜን፣ አድራሻዬን ጻፉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ መጥተን እንጠይቅሻለን አሉኝ።»

«መጡ?»

ሳቀች። «ሁለት ጊዜ ቤት ቀየርኩ።» የጋዜጣውን ጫፍ አስተካከለች። «ትሪፎን የሱን ሲነግረኝ እኔም የኔን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው፤ ደህና አድማጭ ነው ልጁ።»

ድልድዩ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር በዚህች መኪና ተጉዣለሁ። የስንቱን ዓሣ አብሬያት በልቻለሁ፣ የመቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን ሽንትና እንቅልፍና ልጆች ከአፏ ሰምቼ በሰንጠረዥ አስቀምጫለሁ። «እና ምን ሆነ?» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቃሉን አፌ ውስጥ አዘጋጀሁት። ግን የለመድኩት ቁጥር መጠየቅ ስለሆነ፣ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ትንሽ አሰብኩ።

«ሰባት ቁጥር አውቶቡስ መጣች» አለች ወደ ኋላ እያየች። «እዚሁ ልውረድ፣ ለአንተም ይቀልሃል።» ፎርሙንና የተፈረመውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ መቀመጫው ላይ አኖረችልኝ። «ነገ ከቀትር በፊት ለስቴላ ስጣት። ሃያ ሁለቱን ሰርዘው፣ ዜሮ ነው።»

«እትዬ ራይና» አልኩ።

የላዳዬ በር በአንድ ግፊት አይዘጋም። ሁለተኛ ገፋችው፣ ተዘጋ። መስታወቱን ለማውረድ ማዞሪያውን ያዝኩ፤ እሱም እንደ ሁልጊዜው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዳቦዋን በብብቷ፣ ጠርሙሷን በእጇ ይዛ፣ በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ሹፌሩ አይቷት ጠበቃት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋብኝ፣ የሰባት ቁጥር በር ተዘጋ።